ምሳ ሲበላ የሚጠፋው መድኃኒት

አባዬ በሩ ደፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምሳ በልቶ ወደ መኝታ ክፍሉ እየሄደ ነበር። ቀስ እያለ፣ ግን በራሱ እግር። ደፉ ጋ ሲደርስ እግሮቹ ወለሉ ላይ ተለጠፉ። ገላው ወደፊት ያዘነብላል፣ እግሩ አይከተልም። ሮጬ በብብቱ ደገፍኩት።

"መድኃኒትህን ረሳኸው እንዴ?"

"ዋጥኩ እኮ! ከምሳዬ ጋር።"

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። የሰጠችው እሷ ናት፣ ሰዓቱም ልክ ነበር። ጠዋት ያንኑ ዓይነት ክኒን ውጦ ጺሙን ራሱ ተላጭቷል። ሸሚዙንም ራሱ ቆልፏል። የምሳው ክኒን ግን ጭራሽ ያልተዋጠ ይመስል ነበር።

ፓርኪንሰን፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያስረው የአንጎል በሽታ፣ የያዘው ሰው ቤታችሁ ካለ ይሄን ታውቁታላችሁ። መድኃኒቱ ሲይዝ አንድ ሰው ነው፣ ሲለቅ ሌላ ሰው ነው። እኛም ለምደነዋል። ያን ቀን የገረመኝ መልቀቁ አይደለም። አልያዘም ነበር።

መጀመሪያ ክኒኑን ጠረጠርኩ። ሳጥኑን አገላብጬ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ አየሁ። አላለፈበትም። ቀጥሎ በሽታውን ጠረጠርኩ። "በቃ፣ ባሰበት" አልኩ ለራሴ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ምሳውን ግን አልጠረጠርኩም። ማን ምሳ ይጠረጥራል?

## የእማዬ ደብተር

እማዬ ደብተር አላት። ባለ አራት መስመር ሠንጠረዥ አሥምራበታለች፦ ሰዓት፣ ክኒን፣ ምን በላ፣ እንዴት ሆነ። ምግቡን መጻፍ የጀመረችው አባዬ ክብደት ስለቀነሰ ነው። ሸሚዙ ሰፍቶት ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ተባብሮ ሊያወፍረው ተነሳ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት። "ፕሮቲን ያስፈልገዋል" የምለው ደግሞ ከሁሉም በላይ እኔ ነበርኩ።

በሩ ላይ ከቆመ በሁለተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። የሦስት ሳምንቱን አነበብኩት። እማዬ ቃል አታባክንም። "ደህና ዋለ።" "ተጣበቀ።" "አልያዘም።" በቃ፣ ይኸው ነው። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ከዚያ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። "የምግብ ፍላጎት የለውም፣ ሾርባ ብቻ" የሚል ጽሑፍ ባለበት ቀን ሁሉ፣ አራተኛው መስመር ላይ "ደህና ዋለ" ይላል። "ሁለት እንቁላል ጨረሰ፣ ጎሽ" ባለበት ቀን ደግሞ "ተጣበቀ"።

ደግሜ አየሁት። በደንብ የበላ ቀን ይታሰራል። ያልበላ ቀን ይራመዳል። እኛ የምንደሰትበት ቀን ለእሱ መጥፎው ቀን ነበር።

ደብተሩን ለአባዬ ሐኪም ወሰድኩት። ሁለት ገጽ አገላበጠች። ቀና ብላ "ለአባት ክኒኑን ከምግብ ጋር ነው የምትሰጧቸው?" አለችኝ።

"አዎ። ሲጀምር እንደዚያ ነው የተባልነው።"

"ሲጀምር ልክ ነው፣ ማቅለሽለሹን ይቀንስላቸዋል። አሁን ግን ሌላ ጊዜ ላይ ነን። መድኃኒቱ ራሱ አሚኖ አሲድ እኮ ነው።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ስትከነክነኝ ቆየች። እንደ ነገሩ ነው የተናገረችው፣ እስክሪብቶዋን እየፈለገች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለችውን ግማሹን አልሰማሁም።

## አንድ በር፣ ብዙ ገቢ

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርኪንሰን ውስጥ የሚጎድለው ዶፓሚን ነው፣ አንጎል እንቅስቃሴን የሚያዝበት መልእክተኛ። ዶፓሚንን እንዳለ ብንውጠው ከደም ወደ አንጎል የሚያሳልፈውን አጥር አያልፍም። አባዬ የሚውጠው ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ነው ዶፓሚን የሚሆነው። የሚያልፈው አሚኖ አሲድ ስለሆነ ነው። ለአሚኖ አሲዶች የተሠራ በር አለ፣ ሌቮዶፓም በዚያው ይገባል።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ሥጋውም እንቁላሉም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሉሲን፣ ቫሊን፣ ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲን፣ ሁሉም ያንኑ በር ይፈልጋሉ። መጀመሪያ አንጀት ላይ ይጋፋሉ፣ ቀጥሎ አንጎል አጥር ላይ። አንዲት ክኒን ከአንድ ሙሉ ሳህን ጋር ተሰልፋ መቼ ይደርሳታል? በሽታው ገና ሲጀምር አንጎል የራሱ ዶፓሚን ስለሚተርፈው መዘግየቱ አይታይም። ዓመታት ሲያልፉ ግን እያንዳንዷ ክኒን ትቆጠራለች።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ክኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት፣ ወይም ከበላ አንድ ሰዓት በኋላ። ከባዱ ፕሮቲን ደግሞ ወደ ማታ ተገፋ፣ ብዙ መንቀሳቀስ ወደማያስፈልገው ሰዓት። (ይሄን አንብባችሁ በራሳችሁ ፕሮቲን እንዳትከለክሉ። ክብደቱ የቀነሰ ሰው ፕሮቲን ሲያጣ ሌላ መዘዝ ይመጣል። ከሐኪም ጋር ነው የሚደረገው።) በሳምንቱ ደብተሩ ላይ "ደህና ዋለ" በዛ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እኔ ግን አልተውኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ አሚኖ አሲድ ሲባል የምሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሕይወት ጡብ፣ የጡንቻ ምግብ። ሃያዎቹ ተገጣጥመው ፕሮቲን ይሠራሉ፣ አለቀ። አባዬን በር ላይ ያቆመው ግን ይሄው ጡብ ነው። በርግጥ ያን ቀን መንገድ ዘጋበት እንጂ አልመረዘውም። ታዲያ የሚመርዝበት ጊዜስ ይኖር ይሆን?

## ሲበዛ ማር ይመራል

አለ። ለዚያውም ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ።

በ1934 አስቢዮርን ፎሊንግ የሚባል የኖርዌይ ሐኪም የአእምሮ እድገታቸው የተጎተተ ሁለት ልጆችን ሽንት መርምሮ አንድ ያልተለመደ ነገር አገኘ። ልጆቹ ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ መቀየር አይችሉም ነበር። ከምግብ የሚገባው ሁሉ ደማቸው ውስጥ ይከማቻል፣ አንጎላቸውን ይጎዳል። ዛሬ በብዙ አገሮች ሕፃን እንደተወለደ ተረከዙን ወግተው በጠብታ ደም ይሄንን ይመረምራሉ። በጊዜ ከተደረሰበት አመጋገቡ ተስተካክሎ ልጁ እንደማንኛውም ልጅ ያድጋል። ለሁላችንም ምግብ የሆነው ለእነሱ መርዝ ነው። ሲበዛ ማር ይመራል የሚባለው ለካ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ግሉታሜት ነው። አንጎል ውስጥ አንዱ ሴል ሌላውን "ተነስ" የሚልበት መልእክተኛ ነው፣ እሱም አሚኖ አሲድ። በ1969 ጆን ኦልኒ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለጨቅላ አይጦች በብዛት ሲሰጣቸው የአንጎል ሴሎቻቸው ሲሞቱ አየ። "ተነስ፣ ተነስ" ሲባል የሚውል ሴል በመጨረሻ ይቃጠላል። በፓርኪንሰን ዶፓሚን ሲጎድል፣ አንጎል ውስጥ ልጓሙ የሚላላ አንድ ትንሽ ክፍል አለ። ልጓሙ ሲላላ የተረፉት የዶፓሚን ሴሎች ላይ ግሉታሜት ያዘንባል። ይሄ ዝናብ የተረፉትንም ይጨርሳቸዋል ብለው የሚጠረጥሩ ብዙ ናቸው።

አንድ ጨዋታ ላስገባ። አማንታዲን የሚባል መድኃኒት አለ፣ መጀመሪያ ለጉንፋን ቫይረስ የተሠራ። አንዲት ፓርኪንሰን ያለባት ሴት ኢንፍሉዌንዛ እንዳይዛት ስትወስደው መንቀጥቀጧና የሰውነቷ መገተር ቀለላት። ስታቆም ተመለሰባት። ነገሩ በ1969 ታትሞ ወጣ። የግሉታሜትን ጩኸት ቀነስ እንደሚያደርግ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በሽተኛዋ ሰውነቷን ባታዳምጥ ኖሮ ማን ያውቀው ነበር? የእማዬ ደብተር ትዝ አለኝ።

## ጎተራው

እንቅልፍ ያሳጣኝ ግን ሦስተኛው ነው። እርሾ ላይ ነው የተገኘው። አዎ፣ እርሾ።

የእርሾ ሴል ውስጥ ጎተራ አለ። የእኛም ሴል ተመሳሳይ አለው፣ ላይሶዞም ይባላል። ላይሶዞምን በስም ያስተዋወቀን ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው፣ በ1955። ብዙ ጊዜ "የሴል ቆሻሻ መጣያ" ይሉታል። እኔ ስሙን አልወደድኩትም። ቆሻሻ ብቻ አይደለም የሚገባበት። አሮጌ ፕሮቲን እዚያ ይፈርሳል፣ የተረፈ አሚኖ አሲድም እዚያ ይቀመጣል፣ ሲያስፈልግ ይወጣል። ጎተራው ደግሞ ውስጡ አሲድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለ ፓምፕ ሌት ተቀን አሲድ ይሞላበታል። አሚኖ አሲዱ ተገፍቶ የሚገባው በዚያ አሲድ ጉልበት ነው። አሲዱ ከቀነሰ በሩ አይሠራም።

በ2012 ሲያትል ውስጥ አዳም ሂዩዝና ዳንኤል ጎትሽሊንግ አንድ ነገር አሳተሙ። እናት እርሾ ገና በጎልማሳነቷ ጎተራዋ አሲዱን ማጣት ይጀምራል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሚቶኮንድሪያዋ፣ ማለትም የሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ ይፈራርሳል። ፓምፑን ሲያጠናክሩላት ዕድሜዋ ረዘመ። ግን ጎተራና ኃይል ማመንጫ ምን አገናኛቸው? መልሱ ስምንት ዓመት ፈጀ።

በ2020 የሂዩዝ ቡድን፣ አሁን ዩታ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ መልሱን ይዞ መጣ። ጎተራው ሲበላሽ አሚኖ አሲዶቹ ሴሉ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ከሁሉም የከፋው ሲስቴይን ነው። ሲስቴይን ሲከማች ሴሉ ብረቱን መጠቀም ያቅተዋል። ሚቶኮንድሪያ ደግሞ ያለ ብረት አይሠራም። ጎተራው አሲዱን ሲያጣ ኃይል ማመንጫው የሚቆመው ለዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ ሲስቴይኑን ሲቀንሱ ወይም ብረት ሲጨምሩ ሚቶኮንድሪያው ዳነ። ጎተራው እንደተበላሸ ነው፣ ግን ሴሉ ተነፈሰ።

ይሄን ባነበብኩ ማታ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እህሉ መርዝ አልነበረም፣ ቦታውን ነው ያጣው።

## ወደ ሰው ስንመጣ

ከእርሾ ወደ አባዬ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። እርሾ አይንቀጠቀጥም። ግን አንዳንድ ነገሮች መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሚቶኮንድሪያውን እንውሰድ። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች በድንገት ፓርኪንሰን የያዛቸው ይመስል ደርቀው ሐኪም ቤት መጡ። ኤምፒቲፒ የሚባል ኬሚካል የገባበት ሕገወጥ አደንዛዥ ዕፅ ወግተው ነበር። ኬሚካሉ የሚመታው ሚቶኮንድሪያን እንደሆነ ኋላ ታወቀ። ዶፓሚን የሚሠሩት ሴሎች ደግሞ ብዙ ጉልበት የሚበሉ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ጅራት እንደ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ተንዠርግጓል። ማመንጫው ትንሽ ሲደክም መጀመሪያ የሚጨልምባቸው እነሱ ናቸው።

ጎተራውስ? በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድልን ከሚጨምሩ ጂኖች መሃል በብዛት የሚገኘው ጂቢኤ ይባላል። ሥራው ላይሶዞም ውስጥ ነው። ኤቲፒ13ኤ2 የሚባል ሌላም አለ፣ ገና በወጣትነት የሚጀምር ዓይነት ፓርኪንሰን ያመጣል፣ እሱም የላይሶዞም ፓምፕ ነው። እንዲያው በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል።

ስለ ጂኑ ለአባዬ አልነገርኩትም። ገና በሽታው ሲነገረው ሐኪሟን የጠየቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ "ወደ ልጆች ይሄዳል?" አብዛኛው ሰው ላይ በቀጥታ አይወረስም ብላዋለች። "አብዛኛው" የምትለዋን ቃል እንዳልወደዳት ፊቱ ላይ አይቻለሁ።

ብረቱ ጋ ስደርስ ግን ነገሩ ተወሳሰበብኝ። እርሾዋ ብረት አጥታ ነው የምትሞተው። የፓርኪንሰን በሽተኞች አንጎል ውስጥ፣ ዶፓሚን በሚሠራው ጥቁር ቦታ፣ ብረት በዝቶ ነው የሚገኘው። ተቃራኒ አይደለም? እኔም እንደዚያ ብዬ ልተወው ነበር። ከዚያ በ2022 የወጣ አንድ ጥናት አገኘሁ። ሌቮዶፓ ገና ያልጀመሩ 372 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። "ብረት በዝቷል፣ እናውጣው" ተብሎ ግማሾቹ ብረት የሚያወጣ መድኃኒት ለ36 ሳምንት ተሰጣቸው። ብረቱ እውነትም ቀነሰ። ሰዎቹ ግን ባሰባቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ዶፓሚንን የሚሠራው ኤንዛይም ራሱ ብረት ስለሚፈልግ ሊሆን ይችላል። ብረት ቤቱ ውስጥ ሞልቶ፣ እጅ ላይ ግን ላይኖር ይችላል ማለት ነው። ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ገንዘብ ዳቦ አይገዛም።

ሲስቴይንም እንደዚያው ሁለት ፊት አለው። ግሉታታዮን የሚባለው የሴል ጠባቂ ከእሱ ነው የሚሠራው። በዚያ ጥቁር ቦታ ደግሞ ግሉታታዮን ጎድሎ ነው የሚገኘው። እና ሲስቴይን ይጨመር ወይስ ይቀነስ? ጠባቂውን ለመመለስ ብለው የሲስቴይን ዝርያ የሆነ መድኃኒት የሚሞክሩ ሐኪሞች አሉ። እርሾው ደግሞ "ቀንሱልኝ" ይላል። የአንዱን ቃል ሰምቶ መደብር መሮጥ ጥሩ አይደለም። እኔ አንድ ማታ ስልኬን ይዤ ያንን መድኃኒት ላዝዝ ነበር፣ ጠርሙሱን መርጬ ሁሉ ነበር። ተውኩት።

ያስተወኝ የራሱ የሌቮዶፓ ታሪክ ነው። አባዬ በፊት "ይሄ ክኒን መርዝ ነው፣ በኋላ ይገድለኛል" እያለ ይደብቀው ነበር። የሱ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሌቮዶፓ በብዛት ሲፈስባቸው የነርቭ ሴሎች ስለሚሞቱ ሐኪሞችም ለዓመታት ሲጨነቁ ኖረዋል። አንዳንዱ ሐኪም በሽተኛው እስኪብስበት ያዘገየው ነበር። በ2019 ኔዘርላንድስ ውስጥ በ445 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ቶሎ የጀመሩትና 40 ሳምንት ቆይተው የጀመሩት በ80ኛው ሳምንት ሲነጻጸሩ ልዩነት አልነበራቸውም። ሳህን ላይ መርዝ የነበረው ሰው ውስጥ መርዝ አልሆነም። ያን ቀን ለአባዬ ስነግረው "እና እስከ ዛሬ በባዶ ነው የተንቀጠቀጥኩት?" አለኝ።

ስለዚህ እርሾው የነገረኝን አምናለሁ፣ ግን ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። በሽታው ከአሚኖ አሲድ መከማቸት ይጀምራል አልልም። ልቤ የሚያዘነብለው፣ ዕድሜ ጎተራውን ሲያዳክም ከብዙ ገመዶች አንዱ እዚያ ይበጠሳል ወደሚለው ነው። ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ደግሞ ጥቁሩ ቦታ ላይ ካሉት የዶፓሚን ሴሎች ብዙዎቹ አልቀዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የአባዬ ጎተራ መቼ እንደጀመረው ማን ያውቃል? ምናልባት እኔን ትከሻው ላይ ተሸክሞ በሚሮጥበት ጊዜ።

## ግማሽ ሰዓት

አሁን ቤታችን ውስጥ አዲስ ነገር አለ፣ ግማሽ ሰዓት የሚባል። አባዬ ክኒኑን ይውጣል፣ ከዚያ እራት እስኪቀርብ እንጠብቃለን። ቴሌቪዥን አንከፍትም። እናወራለን።

ባለፈው ሳምንት የእርሾውን ነገር አወራሁለት። ይስቃል ብዬ ነበር።

"እርሾ ያረጃል እንዴ?"

"ያረጃል። ግን በዓመት አይቆጠርም፣ በወለደችው ልጅ ነው። አንዲት እናት ሃያ ምናምን ወልዳ ታበቃለች።"

"ሃያ!" አለች እማዬ ከጓዳ። "እግዚኦ!"

አባዬ አልሳቀም። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። በግራው ያዛት።

"ጎተራዋ ይበላሻል አልክ አይደል?"

"አዎ።"

"ልጆቿስ? ያንኑ የተበላሸ ይዘው ነው የሚወለዱ?"

"አይ። ልጆቹ ጋ አሲዱ ይታደሳል። ሴሏ ስትከፈል የድሮው ችግር እናትየዋ ጋ ይቀራል። እነሱ እንደ አዲስ ነው የሚጀምሩት።"

የእርሾ ነገር ነው፣ ለሰው እንዲህ ተብሎ አይወሰድም ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ዝም አለ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየው።

"ግማሽ ሰዓቱ ሞላ" አለ። "በሉ እራት አምጡ።"

ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ደፉን አለፈው።